ላሞቹ ያደሩበት ጓሮ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የግንቦት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እንጅባራ ላይ ወረደና ግቢዬ ሸተተ። ሸተተ ስል አበባ አበባ አለ ማለቴ አይደለም። እበት፣ የበሰበሰ ገለባና እርጥብ አፈር አንድ ላይ ሆነው ሰፈሩን ሞሉት። ከገበያ ያመጣኝ ባለባጃጅ በሬ ላይ ሲያወርደኝ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ «ቲቸር፣ ምን ሞቶ ነው?» አለኝ። «ምንም አልሞተ፣ አንተ ሂድ ሥራህን ሥራ» ብዬው ገባሁ። ዘንቢሌን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ፣ ጃንጥላዬን አጥፌ፣ እዚያው ጓሮው ጠርዝ ላይ ቆምኩ። ካፊያው ሻሼን እያረጠበው እኔ ሽታውን ስስብ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም። ምክንያቱም ታላቅ እኅቴ፣ እታለም የውብዳር፣ ቅዳሜ ልትመጣ ነበር። ጓሮው ከጣማት እኔ ዘንድ ትቀራለች። ካልጣማት ግን እንደ አምናው ከዘራዋን አንሥታ ወደ አዲስ ቅዳም፣ ወደዚያች ብቻዋን ወደምትኖርባት ቤት ትመለሳለች። ዳገት ላይ ያለች ቤት ናት፤ ውኃ ለመቅዳት ቁልቁል መውረድ አለ፣ ተሸክሞ መውጣት አለ። አምና በዚያ ዳገት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታለች። ሌላ ክረምት ብቻዋን ትከርማለች ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ያ ሽታ ግን ፍርሃቴን እንኳ ለትንሽ ጊዜ አስረሳኝ፤ ይዞኝ ሄደ ወደ አባባ ማሳ። ዘመኑን አትጠይቁኝ። በመንደሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ የነበረበት፣ እሱንም ባትሪው እንዳያልቅ ባለቤቱ ዜና ብቻ አሰምቶ የሚዘጋበት፣ ዘፈን ሲጀምር ደግሞ ሁላችንም «አይዘጋ! አይዘጋ!» እያልን የምንንጫጫበት ጊዜ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ሲያልቅ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ አባባ ከብቶቹን ቤት ማሳደር ይተውና ማሳ ላይ ያሳድራቸው ነበር። በረቱ ተነቃይ ነው። አጣናዎቹ ይነቀላሉ፣ ሌላ ቦታ ይተከላሉ፣ ከብቱ ጥቂት ሌሊት እዚያ ያድራል፤ መሬቱ በእበትና በሽንት ሲጠግብ ደግሞ በረቱ ወደ ጎን ይዛወራል። ጠባቂው የሚተኛባት አንዲት ትንሽ የሣር ጎጆ ነበረች፤ እሷም አብራ ትዞራለች። አራት ወንዶች በአራት ማዕዘኗ ገብተው ብድግ ሲያደርጓት ጎጆዋ እግር አውጥታ የምትሄድ ይመስላል። እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ እየተከተልን እንስቃለን። አንድ ጊዜ አጎቴ ተደናቅፎ ጎጆዋን ጭንቅላቱ ላይ ደፋት፤ ከውስጥ ሆኖ ሲሳደብ የሰማሁት ስድብ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ መምህርት ስለነበርኩ ግን አልጽፈውም።

ክረምት ገብቶ ገብሱ ሲበቅል ከዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን እናያለን። በረቱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን እየሆነ ጠቁሮ፣ ለምልሞ ይታያል። አባባ በጣቱ እያሳየ «ያቺ የጥር ናት፣ ያቺ የየካቲት ናት» ይል ነበር። መሬትን «እሷ» ነበር የሚላት፤ ራት በልተን እጃችንን ስንታጠብ «እኛስ በላን፣ እሷስ?» ብሎ የበግ ጠጉር ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ በረቱ ይሄዳል። የደከመችውን መሬት ደግሞ እንድታገግም ግብጦ፣ ያን መራራ ጥራጥሬ፣ ይዘራባታል። እናታችን ያን ግብጦ ቀቅላ በጆንያ አድርጋ ወንዙ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ወንዙ ምሬቱን እስኪያጥበው ድረስ ቀናት ይቀመጣል። አገውኛዋ ነበር የሚቀናት እናታችን፤ አማርኛ የምትናገረው ገበያ ስትወጣ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ አብሬያት እሄዳለሁ። አንድ ጣሳ ግብጦ በአምስት ሳንቲም፣ እንቁላል በአሥር ሳንቲም እቅፍ ሙሉ ነው፤ ከገበያው ማዶ ደግሞ የሱዳን ሽቶና የመስታወት አምባር የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ «ዝንብ ይገባብሻል» እያለ ያሾፍብኛል። ቀይ ኮንጎ ጫማ የተገዛልኝ እዚያ ነው። ጫማውን እንዳያልቅ ብዬ በእጄ ይዤው የሄድኩበት መንገድ ለብሼው ከሄድኩበት ይበልጣል። ዛሬ የእንጅባራ ልጆች በየወሩ ጫማ ሲቀይሩ ሳይ ደስም ይለኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

እታለም የተዳረችው በእነዚያ ዓመታት ነው። አባባ ጊደር ሊሰጣት ቃል ገብቶ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት የከብት በሽታ ገባና በረቱ ሳሳ፤ የተረፉት ለእርሻውም አይበቁ። አማቾቹ ፊት ለፊት ባይናገሩም በየአጥሩ ሥር ማጉረምረማቸው አልቀረም። እኔ ትንሽ ልጅ ብሆንም እታለም የሙሽራ ልብሷን ለብሳ አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ። ማፈሩማ ሙሽራ ናትና ወግ ነው፤ እሷ ግን ያፈረችው በጊደሯ ነበር። አባባ ያን ሲያይ በሽማግሌዎቹ መካከል ተነሥቶ «ጊደሯን ዘንድሮ አልሰጥም፤ የሌለኝን ከየት አመጣለሁ? ከብቶቼ ግን እስከ ክረምት መግቢያ ልጄ ጓሮ ያድራሉ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሌሊት ይሰጣል እንዴ? ተብሎ። አባባ ግን ሲናገር ቀልድ አያውቅም። ሠርጉ በወጣ ማግስት ማታ የተረፉትን ከብቶች እየነዳ ወንዙን ተሻግሮ በእታለም አዲስ ጎጆ ጓሮ በረት ተከለ። በአገራችን ወግ አባት ሳይጠራ ከዳራት ልጁ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ አባባ ከቤቱ አሥር ርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ፣ በሣር ጎጆው ውስጥ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ እያደረ አንድም ቀን ደጃፏን አልረገጠም። እታለም በአጥሩ ላይ ወተት በጮጮ ታቀብለዋለች። ምን ይነጋገሩ እንደነበር አላውቅም። ሲመለስ ግን ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ አስታውሳለሁ፤ እኔ ደግሞ ቅናት ይበላኝ ነበር፤ ምነው እኔም ባገባሁ እል ነበር፣ ገና ጥርሴ እየወለቀ!

በዓመቱ የእታለም ጓሮ ጉድ አሰኘ። ጎመኑ ቅጠሉ የሰሃን ክዳን ያክላል፣ ድንቹ በዶማ ሲነካ ይፈሳል፣ ነጭ ሽንኩርቷን አዲስ ቅዳም ገበያ ይዛ ስትወጣ ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው «ይኼ የየት አገር ነው?» ይሏታል። አማቾቿ የሳቁትን ሳቅ ዋጡት። ከዚያ ወዲህ እሷም እንደ አባባ ሆና ቀረች። አመዱን፣ ገለባውን፣ የዶሮ ኩሱን፣ የወደቀውን ቅጠል፣ የምትጥለው የለም፤ ሁሉ ወደ ጓሮ ነው። ልጆች ወልዳ ዳረች፣ ባሏን ቀበረች፣ መንግሥት ሲለወጥ መሬት ሲከፋፈል አየች፤ ያ ጓሮ ግን ከእጇ አልወጣም። ዛሬ በዚያ አገር ዙሪያውን ብታዩ ማሳው ሁሉ ዲከረንስ ተተክሎበታል። ሰው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ጭሱ ጠዋት ጠዋት ሸለቆው ላይ ይተኛል። አልፈርድባቸውም፤ ደህና ገቢ አግኝተውበታል፣ ቆርቆሮ ቤትም ሠርተውበታል። በዚያ ሁሉ ዛፍ መካከል ግን አንድ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ አፈር ያለው ጓሮ አለ፤ የእታለም ነው።

እኔ ደግሞ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩና ዳንግላ ተመደብኩ። አይ ዳንግላ! ልጃገረዶቹ ቀሚሳቸውን ከጉልበት በላይ ያሳጠሩበት፣ ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገድ ይጠርጉ የነበረበት፣ ፀጉራቸውን ደግሞ በር እስኪጠባቸው ያጎፈሩበት ጊዜ ነበር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከነዚያ አንዱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ የቴትሮን ሸሚዙን እንዳይጨማደድ ብሎ ወንበር ላይ ተደግፎ አይቀመጥም። ማታ ማታ ዋናው መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ስንንሸራሸር ከሻይ ቤቱ የሸክላ ዘፈን ይሰማል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ብስኩት በአምስት፤ ከዚያ በላይ ያወጣ ሰው «ሀብታም ነው» ይባላል። ተጋብተን የተከራየነው ቤት የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጭቃ የለ፣ አቧራ የለ! ጠዋት ጠዋት በውኃ አጥበዋለሁ፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ጎረቤቶች ለማየት ይመጣሉ። እኔም እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው። ለሠርጌ አባባ መጣ፣ መረቀኝ፣ ቡሉኮ ሰጠኝና ሄደ። ጥሩ ቡሉኮ ነው፤ አሁንም አለኝ። ነገር ግን ለእታለም እስከ ክረምት ድረስ ከብት ያሳደረ አባት ለኔ አንድ ቡሉኮ! አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም፤ በሆዴ ግን ስንት ዘመን ይዤው ኖርኩ። አባባ ከሞተ በኋላም አልለቀቀኝም። ልጅነት አያልቅም መሰለኝ።

ዓመታት እንደዚያ አለፉና ሥራዬ ወደ እንጅባራ አዞረኝ። እዚህ ቤት ሠራን፣ ባሌ እዚሁ አረፈ፣ ልጆቼ በየከተማው ተበተኑ። እታለም ወድቃ ዳሌዋን ስትጎዳ ልጆቿም የኔም ልጆች ተሰብስበን መከርን፤ ምክሩ አልከበደም፣ እኔ ዘንድ ትምጣ ተባለ። የከበደው እሷን ማሳመን ነበር። «ምን እሠራለሁ እዚያ? ግድግዳ እያየሁ ልቀመጥ?» አለች። እኔም «ጓሮ አለኝ፣ አትክልት አዘጋጅልሻለሁ» አልኳት። ጓሮ ያልኩት እንግዲህ ምን ነበር መሰላችሁ? ቤቱ ሲሠራ ገረጋንቲ የተደፋበት፣ የጡብ ስብርባሪና የሲሚንቶ ጓል የተቀበረበት ቀይ መሬት። በላዩ ላይ የተገዛ ሣር አነጠፍኩ። አሮጌ የመኪና ጎማዎች በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ቀብቼ አበባ ተከልኩባቸው። ከችግኝ ጣቢያ ጽጌረዳ አመጣሁ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠጠር ደረደርኩ። ፎቶ አንሥቼ ለልጆቼ ላክሁ፤ ሁሉም «ዋው እማዬ!» አሉ። ሰው ይፍረድ፣ ለዐይን ያምር ነበር።

እታለም አምና ከፋሲካ በኋላ መጣች። ከሚኒባስ አውርጄ፣ በባጃጅ አምጥቼ፣ እጇን ይዤ ጓሮው ውስጥ አስገባኋት። አላደነቀችም፣ አልሳቀችም። ከዘራዋን ሣሩ ላይ ተከለችው፤ አልገባም አላት፣ «ቋ!» አለ። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ «ቋ!» አለ። ዝቅ ብላ ሣሩን በጣቷ ገልጣ ያንን ቀይ ገረጋንቲ አየችና በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች። እታለም አገውኛ የምትናገረው ስትናደድ ነው። ከዚያ ቀና ብላ «አዝሜ፣ ይኼ የመንገድ ድልድል ነው፤ ሰው አይኖርበትም» አለችኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰች። ስንቴ ብለምናት! ረዳቱ «እማማ ግቡ፣ ግቡ» ሲል እሷ ወደ ኋላ እንኳ አልዞረችም። ያን ቀን ደሜ ፈላ፤ ቤቴ ገብቼ አንዱን ሰማያዊ ጎማ በእርግጫ ብመታው እግሬን ሰበርኩት ማለት ይቻላል።

ንዴቴ አላስቀምጠኝ ስላለ በሳምንቱ ተከትያት ሄድኩ። ጓሮዋ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ድንች ትኮተኩታለች፤ ያ የተጎዳ ዳሌዋን በአንድ በኩል አዘንብላ። ከጎኗ ሄጄ ቆምኩና ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። «ለዚህ እበትሽ ስትይ ልትሞቺ ነው? እኔ እኅትሽ ነኝ፣ አፈሩ ይበልጥብሻል?» አልኳት። ቀና ሳትል መኮትኮቷን ቀጠለች። እሱ ጭራሽ አናደደኝና በሆዴ የነበረው ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ወጣ። «አይፈረድብሽም! ላንቺማ አባባ ከብቶቹን ይዞ እጓሮሽ አደረ። ለኔስ? ለኔ ምን አደረገ? ቡሉኮ!» አልኩ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴት እንደ ሕፃን እየጮኽኩ።

እታለም መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «መጥቶ ነበር እኮ» አለች።

«ማን?»

«አባባ። አንቺ ባገባሽ ዓመት፣ ጥር ወጥቶ። ሁለት ላምና አንድ ጊደር ነድቶ ዳንግላ ድረስ ሄደ። ላዝሜም ጓሮዋን አሞቅላታለሁ ብሎ ነበር የተነሣው።»

«አልመጣም» አልኳት። «እኔ አላየሁትም።»

«ደርሶ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ግቢሽ ሲሚንቶ ሆነበት፤ የሚተክልበት ቦታ አጣ። ‹መጋረጃዋ ግን ያምራል› አለኝ። ሲመለስ እኔ ደጅ ቆሞ ላሞቹን ውኃ አጠጣ፣ እግራቸው በመንገዱ አቧራ ነጥቶ ነበር። ‹እንዳትነግሪያት፣ ታፍርብኛለች› ብሎኝ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።»

እናንተዬ፣ እዚያው ድንቹ መሀል ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ! ከመንደራችን ዳንግላ ድረስ ከብት መንዳት በጧት ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ነው፤ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ። ደርሶ ደግሞ ሳያንኳኳ መመለስ! አባባ ምን ነካህ? ብታንኳኳ ምን ነበረበት? እኔ ከቤት ወጥቼ፣ ላሞቹን በሲሚንቶው ላይ አቁሜ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ እስምህ አልነበረም? በርግጥ ያኔ እስመው ነበር ወይስ ላሞቹ ሲሚንቶዬን እንዳያቆሽሹብኝ እሳቀቅ ነበር፣ እሱን እኔም አላውቅ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዕንባዬ አልቆም አለ። ረዳቱ አዘነና «እማማ፣ አሞዎት ነው?» አለኝ። «ጉንፋን ነው ልጄ» አልኩት። እስከ እንጅባራ ድረስ ጉንፋኔ አልተወኝም።

ከዚያ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። የተገዛውን ሣር አስነሣሁ፣ ጎማዎቹን ለፈለገ ሰጠሁ። ሁለት ቀን ሠራተኞች ይዤ ገረጋንቲውንና የጡቡን ስብርባሪ በእጅ ጋሪ አስወጣሁ። ሥሩ ያለው የእንጅባራ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ እዚህ አገር ይኼን የማያውቅ ገበሬ የለም። ስለዚህ ኖራ ገዝቼ በተንኩበት። በክረምቱ መውጫ ላይ ደግሞ ልክ እንደ አባባ ግብጦ ዘራሁ። አበባው ሊፈነዳ ሲል አሳጭጄ እዚያው ገለበጥኩት። የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ቲቸር፣ ምነው ሳይደርስ?» ይለኛል፤ «ለኔ አይደለም የተዘራው» እላለሁ። በአመድ መሬቱ ላይ መስመር አሰመርኩና ንድፉን አወጣሁ። መደቦቹ ከፍ ብለው በድንጋይ ይካባሉ፤ እታለም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳታጎነብስ እጇን እንድትሰድ። ቁመቱን ራሴ እየተቀመጥኩ ለካሁ፤ የኔም ጉልበት ከሷ አይሻልምና። መንገዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሁን፣ አፈሩን ማንም አይረግጠውም። ከግቢው በር ስትገቡ ፊት ለፊት የሚታየው ቦታ ላይ ሰው ጽጌረዳ ያደርጋል፤ እኔ የብስባሹን ጉድጓድ አደረግሁት። ከመደቦቹም የአንዱን ጎን ድንጋይ ሳልደርብበት ተውኩት፤ ከታች ቀዩ፣ ከላዩ ግብጦ የተገለበጠበት ቡናማው፣ ከሁሉ በላይ ጥቁሩ እንዲመጣና ሦስቱም እንዲታዩ። ጥቁሩ ግን ገና አልነበረም። እሱን ላም ነው የሚያመጣው።

ላም ደግሞ ያላት ጎረቤቴ ትሁን ናት። ወተትና ቅቤ ትሸጣለች፤ አፏ ከላሞቿ ጡት ይበልጥ ይፈሳል፣ ልቧ ግን ወርቅ ነው። «ላሞችሽን አሳድሪልኝ» ስላት መጀመሪያ አልገባትም። «ቲቸር፣ የት ላሳድር? ሳሎን?» አለችና እስኪደክማት ሳቀች። ሲገባት ግን ሳቋን አቁማ «እሺ፣ ወተታቸው ከቀነሰ ግን ከርስዎ ነው» አለች። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሁለቱ ላሞቿና ጊደሯ ማታ ማታ በግቢዬ በር ይገቡ ጀመር። አጣና ገዝቼ በረት አስተከልኩ፣ ገለባ በተንኩ፤ ቦታው ሲጠግብ አስነቅዬ ወደ ጎን አዛወርኩ። ያልለመዱት ቦታ ሆኖባቸው መጀመሪያ ላይ ያጓራሉ። አባባ እንዴት ያረጋጋቸው እንደነበር አስታወስኩና ጋቢዬን ተከናንቤ አጠገባቸው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ እንደሱ ቀስ ብዬ አፏጭላቸዋለሁ፣ ይተኛሉ። ጠዋት ጉልበቴ አልዘረጋ ይለኛል። ሰፈሩ ግማሹ ሽታውን አማረረ፣ ግማሹ አበደች አለ። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ «እማዬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ላም ነው ያልሽው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። «አዎ ላም! ላ-ም!» ብዬ ጮኽኩባት። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ወራት ከአባባ ጋር የተቀመጥኩበት ጊዜ የለም።

ሚያዝያ ሲያልቅ በረቱን ነቀልኩ፣ አስቆፈርኩ፣ መደቦቹን ሞላሁ። ዶማው ሲገባ ድምፅ የለውም። ትሎች መጥተዋል፤ ወፍራም ወፍራም ቀይ ትሎች። ሐሙስ ጠዋት፣ ያ ዝናብ ወርዶ ግቢው ከመሽተቱ በፊት፣ ለእታለም ደወልኩ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች፣ «ለማየት»። ለማየት! ይቺ ቃል ሁለት ቀን አላስበላችኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ በመጀመሪያ ያየሁት ዕቃዋን ነው፤ አንዲት ፌስታል ብቻ። ሊያድር የመጣ ሰው ይቅርና ሊውል የመጣ ሰውም ከዚያ የበለጠ ይይዛል። ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት መጣን፣ በሩን ከፈትኩላት። ብስባሹን ስታየው ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ርግጠኛ አልነበርኩም። ከዘራዋን መደቡ ውስጥ ሰደደችው፤ እስከ እጀታው ሊገባ ደረሰ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያንን ክፍት የተውኩትን ጎን፣ ቀዩን፣ ቡናማውን፣ ጥቁሩን፣ በጣቷ ከታች ወደ ላይ ዳበሰችው። ከዚያ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አፈሩ ውስጥ አስገብታ ዐይኗን ጨፍና ቆየች። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። የመመለሻ ሚኒባስ በዘጠኝ ሰዓት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ «ትቀሪያለሽ ወይ?» ብዬ ፊት ለፊት መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። ስለዚህ በጎን ዞርኩ።

«ዶሮዎችሽን ዛሬ ማን ያስገባቸዋል?» አልኳት።

«ሰጠኋቸው» አለች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ።

«ለማን?»

«ለጎረቤት። ከነቆጣቸው። የቤቱንም ቁልፍ ጨምሬ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«እንዴ! ጓሮውን ሳታዪው?»

ያኔ ዐይኗን ገለጠችና ዞር ብላ አየችኝ። «ያቺ ወተት ሻጭሽ ገበያ መጥታ ነገረችኝ» አለች። «ጋቢ ተከናንበሽ ከላሞቹ ጋር ስትቀመጪ እንደነበር። በዚያ ብርድ፣ በዚህ ጉልበትሽ። ከዚያ በኋላ ምኑን ላየው ነው?»

እንድመልስላት ጊዜ አልሰጠችኝም፤ እጇን ከአፈሩ አውጥታ አራገፈች፣ ከዘራዋን አነሣችና ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆመች።

«ያ ጥግ ግን ገና ነው፤ ሳስቷል» አለች። «ለከርሞ በረቱን እዚያ እንትከለው።»

«እሺ እታለም» አልኳት። ፌስታሏን አንሥቼ ገባሁና አልጋዋን አነጠፍኩላት።